አውሮፕላኑ በበር አይወጣም

(ሮቤ። ባለ አንድ ክፍል የኪራይ ቤት። ጠረጴዛው ላይ ከፕላስቲክ ቁርጥራጭ የተገጣጠመ ትልቅ የአውሮፕላን ሞዴል ክንፉን ዘርግቶ ተቀምጧል። ተከራዩ ደጀኔ፣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ በሩ ላይ ተንጠራርቷል። ጓደኛው ሙለታ፣ ሲናና ስንዴ የሚያጭድ የኮምባይነር ሹፌር፣ የሜትሩን ጫፍ ይዞለታል።)

ሙለታ፦ ሰባ ስምንት ነው አልኩህ እኮ!

ደጀኔ፦ ሜትሩን አጣመህ ይዘኸው ነው። ቀጥ አድርገው።

ሙለታ፦ ቶሌ። (ቀጥ ያደርጋል) ቀጥ ብሎም ሰባ ስምንት ነው።

ደጀኔ፦ አውሮፕላኑስ ስንት ነበር?

ሙለታ፦ ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ መቶ አርባ ሁለት።

ደጀኔ፦ እንግዲህ በሩ ጠቧል።

ሙለታ፦ በሩ ነው የጠበበው?

ደጀኔ፦ ታዲያ አውሮፕላኑ ነው የሰፋው? እኔ በልኩ ነው የሠራሁት! ከእውነተኛው አውሮፕላን ልክ ሃያ አራት ጊዜ ያንሳል።

ሙለታ፦ እንዲህ ከሆነ ሃያ አራቱን ሠርተን ብንገጣጥማቸው አንድ እውነተኛ ይወጣናል።

ደጀኔ፦ (ራሱን ይዞ) እግዚኦ! ከማን ጋር ነው የዋልኩት?

ሙለታ፦ እሺ ይቅር። ሲገባስ እንዴት ገባ?

ደጀኔ፦ በካርቶን ነዋ! የአጎቴ ልጅ ከዱባይ ሲልክልኝ ስድስት መቶ ቁራጭ ነበር።

ሙለታ፦ ካርቶኑ አልጋ ሥር አለ። በካርቶኑ ይውጣ።

ደጀኔ፦ አንተ ሰውዬ! ዓመት ከአራት ወር ሙጫ እያሸተትኩ፣ በመርፌ ጫፍ ቀለም እየቀባሁ ዓይኔን ያጠፋሁበትን ሥራ መልሼ ልበታትነው? ዛሬ ምን ቀን እንደሆነ ታውቃለህ?

ሙለታ፦ ቅዳሜ።

ደጀኔ፦ የአዜብ አባት የቀጠሩኝ ቀን ነው! ጋሽ ገብረ ሚካኤል ጎባ ቤታቸው ሰባት ሰዓት ላይ ይጠብቁኛል፣ ስምንት ሰዓት ላይ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ አውሮፕላን ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። «ልጄን ብለህ ሽማግሌ ከመላክህ በፊት፣ ጀምረህ የጨረስከውን አንድ ነገር አምጥተህ አሳየኝ» ነው ያሉኝ።

ሙለታ፦ ምነው፣ ምን አይተውብህ ነው?

ደጀኔ፦ ምንም!

ሙለታ፦ ጊታሩን ሰምተው ይሆን? የጀመርከውን። ወይ የማታ ትምህርቱን። ወይ ያንን ቀፎ፣ ሪራ ድረስ ሄደህ ያመጣኸውን። ንቦቹ እንኳ ሲጨርስ ብናየው ብለው ጠብቀው ጠብቀው ነው የሄዱት።

ደጀኔ፦ ይበቃል! ይኸው ይሄን ጨርሻለሁ። ደግሞ ብቻዬን ነው የሠራሁት ብያቸዋለሁ፤ ሲጠይቁህ አንተ ተሸካሚ ነህ። ገባህ?

ሙለታ፦ ቶሌ። ተሸካሚ ነኝ። ታዲያ ለምን በጎኑ አዘንብለን አናወጣውም? ቁም ሳጥን ስናወጣ እንደምናደርገው።

ደጀኔ፦ ቁም ሳጥን! ስማ፣ ክንፉን ካጣበቅን ገና ሦስት ቀናችን ነው። ይሄ ሙጫ እስኪጠና ሰባት ቀን ይፈልጋል። ካዘነበልከው ክንፉ በገዛ ክብደቱ ተገንጥሎ ይወድቃል። ለዚህ ነው ሦስት ቀን ሙሉ እኔ ራሴ እንኳ ያልነካሁት። እንደተዘረጋ፣ እንደ ታቦት ነው የሚወጣው። መንገድ ላይ አይሱዙ አቁሜያለሁ።

ሙለታ፦ ደጀኔ፣ ክንፉ እኮ...

ደጀኔ፦ ዝም! ስለ ክንፉ አንድ ቃል እንዳትተነፍስ። የክንፉን ነገር የማውቀው እኔ ነኝ።

ሙለታ፦ አይ፣ እኛ እኮ ኮምባይነሩን ከእርሻ ወደ አስፋልት ስናወጣ የፊቱን ማጨጃ...

ደጀኔ፦ የስንዴ ማጨጃን ከአውሮፕላን ጋር ታወዳድራለህ? እኔ ሳስብ አትናገር! ያዝ ስልህ ያዝ፣ ልቀቅ ስልህ ልቀቅ። በቃ።

ሙለታ፦ ቶሌ። ዝም ብያለሁ።

ደጀኔ፦ (በሩን ሲያስተውል ቆይቶ) አገኘሁት! በሩን እናወልቃለን።

ሙለታ፦ (ሜትሩን ይጠቀልላል)

ደጀኔ፦ መቃኑንም እንነቅላለን። ከግራም ከቀኝም ጭቃውን ሠላሳ ሠላሳ ሴንቲ ስናራግፈው በቀላሉ ያሳልፋል። እትዬ እኅተማርያም ለቅሶ ሄደዋል፤ እስኪመለሱ መልሰን እንገጥመዋለን፣ አከራይ አላየ፣ አልሰማ። ምን ትላለህ?

ሙለታ፦ (በእጁ አፉን ያሳያል)

ደጀኔ፦ አሁንማ ተናገር!

ሙለታ፦ በሩን የግድ ማፍረስ አለብን?

ደጀኔ፦ ዝም በል አላልኩህም? ዲጂኖውን አምጣ!

(ይቆፍራሉ፣ ይመታሉ። በሩ ይወልቃል። መቃኑ ሲነቀል ግማሽ ግድግዳ ይዞ ይወርዳል። ቤቱ በአቧራ ይሞላል። ደጀኔ እየሳለ በክፍተቱ ላይ ሜትሩን ይዘረጋል።)

ደጀኔ፦ መቶ አርባ ስድስት! አየህ? ጭንቅላት ማለት ይሄ ነው። አሁን ና፣ አንተ በክንፉ በኩል ሁን፣ እኔ አፍንጫውን ይዣለሁ። ቀስ። እንደ እንቁላል።

ሙለታ፦ ቶሌ።

(ሙለታ የግራውን ክንፍ በሁለት እጁ ይዞ ሳብ ያደርገዋል። ክንፉ ይወጣል።)

ደጀኔ፦ ገነጠልከው! አንተ ጉድ! ገደልከኝ! (መሬት ላይ ይቀመጣል) ዓመት ከአራት ወር... አዜብዬ፣ በቃ አለቀልኝ...

ሙለታ፦ ተነስ፣ አፈር ላይ ነህ። ነቀልኩት እንጂ አልገነጠልኩትም። እይ፣ እንዲህ ይገባል፣ (ቀጭ) እንዲህ ይወጣል።

ደጀኔ፦ (ዓይኑን ጠርጎ) ሙጫውስ? «ሙጫውን ቀባና ግፋው» ስልህ ቶሌ አላልክም?

ሙለታ፦ ብያለሁ። በኋላ ወረቀቱን አየሁት።

ደጀኔ፦ የቱን ወረቀት?

ሙለታ፦ አብሮት የመጣውን መመሪያ። «መመሪያ ለማያውቅ ሰው ነው» ብለህ የቀለም ጣሳ ታስቀምጥበት የነበረውን። እኔ እንግሊዝኛውን ማንበብ አልችል፣ ሥዕሉን አየሁ። ክንፉ ጋ የሙጫ ጠብታ ተስሎ ላዩ ላይ ኤክስ ተደርጎበታል። እኔም አልኩ፣ ልክ ናቸው፤ ኮምባይነሩም መንገድ ሲወጣ ማጨጃው ተፈትቶ ከኋላ ነው የሚጎተተው። እሱን ማን በብየዳ ያጣብቀዋል?

ደጀኔ፦ (ፈራ ተባ እያለ) ስለዚህ... ክንፉን ነቅለን...

ሙለታ፦ ባጃጅ ይበቃዋል።

ደጀኔ፦ ታዲያ በሩን ሳፈርስ ምነው ዝም አልከኝ?!

ሙለታ፦ ስለ ክንፉ አንድ ቃል እንዳትተነፍስ ብለኸኛል። ለመናገር ሁለቴ ሞከርኩ፣ ሁለቴ ዘጋኸኝ። ደግሞ እንደዚያ በልበ ሙሉነት ስታፈርስ ሳይ፣ ይሄ ሰውዬ የሚያውቀው ነገር ቢኖር ነው አልኩ።

(ከውጭ የሴት ጩኸት ይሰማል። ደጀኔ ከመሬት ዘሎ ይነሳል።)

ደጀኔ፦ (ወደ ውጭ) እትዬ እኅተማርያም! ደህና ዋሉ? ለቅሶው እንዴት ነበር? ... በሩ? በሩማ አለ፣ ይኸው አልጋው ላይ ተኝቷል። ... ግድግዳውም አለ፣ እግሬ ሥር ነው። ... ኧረ አይጩሁ እትዬ፣ ጎረቤት ይሰማል! ... ሳልገጥም? አሁን እኮ ጎባ... (ዝቅ ባለ ድምፅ) እሺ። እሺ አልኩ እኮ።

ሙለታ፦ ምን አሉህ?

ደጀኔ፦ ጭቃውን መርጌ፣ መቃኑን ተክዬ፣ በሩን ሰቅዬ ካላሳየኋቸው ንቅንቅ እንደማልል ነገሩኝ። ዱካ አምጥተው ክፍተቱ ላይ ተቀምጠዋል።

ሙለታ፦ በር ሆነው ተቀመጡ በለኛ።

ደጀኔ፦ አሁን ይቀለዳል? ስንት ሰዓት ነው?

ሙለታ፦ ስድስት ተኩል።

ደጀኔ፦ ማሎ ሙለታ፣ በአዜብ ይዤሃለሁ! አንተ ይዘኸው ሂድ። እዚያ ስትደርስ ክንፉን ክተትለት። አደራ፣ ግራና ቀኙ እንዳይምታታብህ።

ሙለታ፦ (የአውሮፕላኑን አካል በአንድ ብብቱ፣ ክንፎቹን በሌላው ይዞ) አይምታታም። ሥዕሉን ኪሴ ውስጥ ይዣለሁ።

(ጠረጴዛው ላይ ያለው ስልክ ይጮኻል። ደጀኔ ሁለት እጁን በጭቃ ነክሮ ቆሟል።)

ደጀኔ፦ ጋሽ ገብረ ሚካኤል ናቸው! አንሳው! ጨርሷል በላቸው!

ሙለታ፦ (እንደተሸከመ ስልኩን በትከሻው ይዞ) ሀሎ፣ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። እኔ ተሸካሚው ነኝ። ... ኤዬ፣ አውሮፕላኑ አልቋል፣ ሸጋ ሆኗል። ይዤው እየወጣሁ ነው። ... ደጀኔማ አይመጣም፣ ሌላ ሥራ ጀምሯል። ... አይ፣ አውሮፕላን አይደለም። በር ነው። ... መቼ ይጨርሳል?

(ዞሮ የወለቀውን በር፣ የፈረሰውን ግድግዳና እስከ ክርኑ ጭቃ የሆነውን ደጀኔን ያያል።)

ሙለታ፦ ኧረ እሱን እንኳ ጋሼ፣ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል።