ሥዕል አይመሰክርም

የሰው ልጅ በሁለት ይከፈላል፦ የተነገረውን የሚያምንና አያ ምንይችል። እሳቸውን የመሰለ አንድ ሰው በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየዕድሩና በየሠርግ ቤቱ አይጠፋም። ሰዓት በእጁ አስሮ ስንት ሰዓት እንደሆነ ይጠይቃል። «ዝግ ነው» ተብሎ የተጻፈበትን በር ያንኳኳል። የሚያናድደው ደግሞ አንዳንድ ጊዜ ይከፈትለታል።

የእኛው ከጎንደር በላይ ካለችው ከኮሶዬ የወረዱ ናቸው። እኔ በማስተምርበት ኮሌጅ የኤሌክትሮኒክስ ቤተ ሙከራ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርተዋል። በወረቀት ላይ ማዕረጋቸው «ከፍተኛ ቴክኒሻን» ነው። መምህራኑ ግን ዞር ሲሉ «ሊቀ ጠያቂያን ወመጋቤ አድራሻ» እንላቸዋለን። ይህንንም ሰምተዋል። ማን እንደሾማቸው ጠየቁ እንጂ አልተቆጡም።

የአድራሻው ነገር እንዲህ ነው። በምንሠራበት ቦርድ መሃል ያለው ቺፕ እንደ ባዶ መንደር ነው፤ ምን ምን ቤት እንደሚሠራበት የምንወስነው እኛ ነን። በኮምፒውተር ላይ ሳጥን ሳጥን አድርገን እንስላለን፣ ሳጥኖቹን በመስመር እናገናኛለን፣ ከዚያም አንዱ ሌላውን የሚያገኝበት አድራሻ ይሰጣል። ጤነኛ ሰው መስመሮቹ መገናኘታቸውን አይቶ ወደ ምሳው ይሄዳል። አያ ምንይችል ግን ከሥዕሉ ግርጌ ያለችውን የጽሑፍ መስኮት ይከፍቱና በሁለት ጣታቸው አንዲት ትእዛዝ ይጽፋሉ። ትእዛዟ ወደ አማርኛ ስትመለስ «እዚህ ንድፍ ውስጥ ያሉትን የአድራሻ ክልሎች ቁጠርልኝ» ማለት ናት። መልሱ እስኪመጣ እጃቸውን አጣጥፈው ይጠብቃሉ።

«ሥዕል አይመሰክርም» ይላሉ። «ሥዕሉን የሣለው ሰው ነው። ንድፉን ራሱን ጠይቀው።»

አንድ ጊዜ ተማሪዎች የአድራሻ ክልል ምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ ሰሌዳ ሙሉ ጻፍሁ፤ አንድም የገባው አልነበረም። እሳቸው ከጥግ ተነሡና፣ «ጎንደር የት ነው ብለህ ኮሶዬ ላይ ብትጠይቅ ታች ነው ይሉሃል። ኮላ ድባ ላይ ብትጠይቅ ላይ ነው ይሉሃል። ጎንደር አንድ ነው፤ መንገዱ ግን እንደ ጠያቂው ነው። እዚህም እያንዳንዱ ክፍል ከቆመበት ተነሥቶ የሚያየው የራሱ አገር አለው። ስለዚህ አንዱን ጠይቀህ ለሁሉም አትመልስ» አሉ። ተማሪዎቹ ሰሌዳዬን ሳይገለብጡ ይህቺን ጻፉ።

ይህ ጠባያቸው ከቤተ ሙከራው ውጭም አይለቃቸውም። የአንድ ባልደረባችን አባት፣ አቶ ዳኛው፣ ያረፉ ጊዜ አብረን ወደ አዘዞ ሄድን። ድንኳን አየሁ፤ ገባሁ። ከፊት ለተቀመጡት ልጆች እጅ ነሥቼ፣ አባታቸው እንዴት ያለ ደግ ሰው እንደነበሩ ተናግሬ፣ ዓይኔን ጠርጌ ተቀመጥሁ። አያ ምንይችል ደጃፍ ላይ ቆመው ሟቹ ማን እንደሚባሉ ይጠይቃሉ። ሰው ሁሉ አፈጠጠባቸው፤ እኔም አፈርሁባቸው። ቆይቶ ጆሮዬ ላይ ጎንበስ አሉና፣ «መምህር፣ የእኛ ለቅሶ ከዚህ ቀጥሎ ያለው ሰፈር ነው። እዚህ የሞቱት እናታቸው ናቸው። አባትየው ያውልህ፣ ከጎንህ» አሉኝ። ደግነታቸውን የመሰከርሁላቸው ሰውዬ በመሐረባቸው ሥር አተኩረው እያዩኝ ነበር።

እንግዲህ ወደ ሄለን ልምጣ። ሄለን ወጣት መምህርት ናት፤ የገጠር ጤና ኬላዎች የክትባት ማቀዝቀዣ ሲሞቅ የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ በመሥራት ሁለት ዓመት ለፍታለች። ኅዳር ላይ፣ አንድ ሐሙስ ቀን፣ ገምጋሚዎች ይመጣሉ ተባለ። መሣሪያው ከሠራ ሥራው ይቀጥላል፤ ካልሠራ ያለን ብቸኛ ቦርድ ተጠቅልሎ ለሌላ ኮሌጅ ይሰጣል። የዚያ ሳምንት ሰኞ መሣሪያው ዜሮ አነበበ። ማክሰኞም ዜሮ። የሙቀት መለኪያውን ቀየርን፣ ሽቦውን ቀየርን፣ ሥዕሉን አተምንና ግድግዳ ላይ ለጥፈን በጣታችን ተከተልነው፤ መስመሩ ሁሉ ተገናኝቷል። እኔ ቀኑ እንዲራዘም እንለምን አልሁ። ሄለን ግን፣ «መምህር፣ ማቀዝቀዣው ሲሞቅ ማንን ለምኖ ያራዝማል?» አለችኝና ከሀ ጀመረች።

ሊቀ ጠያቂያን በእነዚህ ቀናት አልነበሩም፤ ፈቃድ ወስደው ኮሶዬ ገብስ ሊወቁ ወጥተዋል። ረቡዕ ጠዋት ኮታቸው ላይ ገለባ እንዳለ ገቡ። ግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል አዩት፣ ሸጋ ሥዕል ነው አሉ፣ ጀርባቸውንም ሰጡት።

ሄለንን ስንት ክልል እንደምትጠብቅ ጠየቋት። ሁለት አለች፤ አንዱ የፕሮሰሰሩ፣ ሌላው የተሸካሚው። ተሸካሚ የምንለው ከመለኪያው የመጣውን ቁጥር ፕሮሰሰሩን ሳያስቸግር ተሸክሞ ማስታወሻ፣ ማለትም ሜሞሪ፣ ላይ የሚያራግፈው ክፍል ነው። በሁለት ጣት ጻፉ። ሁለቱም ክልሎች መጡ። ሁለቱንም በየተራ ምን እንደሚታያቸው ጠየቁ። ፕሮሰሰሩ ማስታወሻው ይታየዋል። የተሸካሚው መልስ ባዶ ነበር።

«ሸክሙን ይዞ ቆሟል» አሉ። «የሚያራግፍበትን ደጅ የነገረው የለም።»

አድራሻውን የሚያድለው እኔ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የጻፍሁት ስክሪፕት፣ የትእዛዞች ዝርዝር፣ ነው። ቤተ ሙከራው ውስጥ ሁሉም ይገለብጠዋል፤ በዚህም እኮራ ነበር። አያ ምንይችል መስመር በመስመር ወረዱ። አንዱ ላይ ጣታቸው ቆመ።

«መምህር፣ ትርንጎ ማን ናት?»

ትርንጎ አብራኝ የተማረች ልጅ ናት። የመመረቂያ ሥራችንን አብረን ሠራን። ሥራችንን ያቀረብን ዕለት ዝናብ ነበርና ቦርዱን በነጠላዋ ጠቅልላ፣ እሷ እየበሰበሰች፣ ከአንዱ ሕንጻ ወደ ሌላው አሻገረችው። ቦርዱ አንድ ጠብታ አልነካውም። ከተመረቅን በኋላ የት እንደሄደች አላወቅሁም። ዓመታት አልፈው ያንን ተሸካሚ ክፍል ስሠራ በእሷ ስም ጠራሁት። ሄለን ደግሞ በቅርቡ ስሙን አቃንታ «ተሸካሚ» አለችው፤ ስክሪፕቱ ግን አሁንም ትርንጎን ይፈልጋል። ይህን ሁሉ አልተናገርሁም። የክፍሉ የድሮ ስም ነው አልሁ።

«ከመስመሩ ጫፍ ያለችው ቃልስ?»

«ባይገኝ ዝም በል ማለት ናት። ባጣ ቁጥር ማስጠንቀቂያ እየጻፈ ሲያሰለቸኝ ነው የጨመርኋት።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «እንግዲህ ትርንጎን ፈልጋት አልኸው። ከሌለች ደግሞ ዝም በል አልኸው።»

«አዎ።»

«እሱም ዝም አለ። ታዲያ ምን ያድርግ?»

ሄለን ከሦስት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ስሙን አስተካከለች፤ ያቺን ቃል ግን ራሴ እንድደመስሳት አያ ምንይችል አዘዙ። እንደገና ጠየቅን። ተሸካሚው ማስታወሻው ታየው። ስክሪኑ ላይ ዜሮው ሄዶ ሃያ አንድ መጣ። ሄለን መለኪያውን በጭብጧ ይዛ ሠላሳ ሦስት እስኪሞላ አልለቀቀችውም።

ሐሙስ ገምጋሚዎቹ መጡ። ከመካከላቸው አንዱ ሥዕሉን አሳዩኝ ሲል የኋላ ጥግ ላይ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ፤ ምን እንደሚል ሁላችንም እናውቃለን። ገምጋሚው ሥዕሉን ትቶ መሣሪያውን እንዲጠይቅ ተነግሮት ጠየቀ፣ መሣሪያውም መለሰለት። ቦርዱ ቀረልን።

አርብ በር ላይ አያ ምንይችል ጠበቁኝ።

«ትርንጎስ?»

«የት እንዳለች አላውቅም፣ አያ።»

«ማንን ጠየቅህ?»

ለካ ሃያ ዓመት ሙሉ ስፈልጋት የኖርሁ ይመስለኝ ነበር፤ አንድም ሰው ጠይቄ አላውቅም። ባትገኝስ ብዬ አስቀድሜ ራሴን ዝም በል ብዬዋለሁ።

ሰኞ ሲመጡ እሳቸው ጠይቀው ነበር። የጠየቁትም ሦስት ሰው ብቻ ነው። ትርንጎ ኮላ ድባ ፊዚክስ ታስተምራለች። ኮላ ድባ ከዚህ በሚኒባስ አንድ ሰዓት አትሞላም። «ከአንተ ታች ናት» አሉኝ። «አንተ ደግሞ ከእሷ ላይ ነህ። እሷም ጠይቃ አታውቅ ይሆናል።»

ቅዳሜ ጠዋት ሳልጠራቸው መናኸሪያ ድረስ ሸኙኝ። ሚኒባሱ ግንባር ላይ በትልቁ «ኮላ ድባ» ተጽፏል። ሾፌሩን ወዴት እንደሚሄድ ጠየቁት። ረዳቱን ጠየቁት። ቀጥለው መስኮት አጠገብ ዶሮ ታቅፋ የተቀመጠችውን ሴት ጠየቋት። ድሮ ቢሆን አንገቴን ደፍቼ የማላውቃቸው እመስል ነበር። አሁን ግን አጠገባቸው ቆሜ መልሱን ጠበቅሁ።

«ኮላ ድባ ነው እንጂ» አለች ሴትዮዋ። «ምነው፣ ታፔላው ላይ ተጽፎ የለም?»

አያ ምንይችል አፋቸውን ሳይከፍቱ ቀደምኋቸው።

«ታፔላ አይመሰክርም፣ እቴ» አልኋት፤ ገብቼም ከጎኗ ተቀመጥሁ።