ክንፍ ያወጣችው የፍኖተ ሰላም ጀግና

ሥዕል አይቶ ምክር ሳይሰጥ ማለፍ የማይሆንለት ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እዚህ ፍኖተ ሰላም ከተማ የኔ ጎረቤት ጋሽ አያሌው እንዲያ ናቸው።

ሠዓሊዋ ሰብለ በእህቷ ፀጉር ቤት ግድግዳ ላይ፣ ሹሩባ የተሠራች፣ በብረት ክንፍ ከከዋክብት መሀል የምትበር ጥቁር ጀግና ሣለች። ጋሽ አያሌው መንገደኛውን ሁሉ ሰብስበው፣ "ሴት ልጅ ክንፍ አውጥታ ልትበር? ኧረ ጉድ ነው! በኖራ ይጥፋ!" ብለው አገር ይያዝልኝ አሉ። ሰብለ ብሩሿን እንደያዘች እንባዋ መጣ።

ይኼኔ የጋሽ አያሌው ትንሿ ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደረሰች። ጓደኞቿ "ከሰሏ" እያሉ የሚያስለቅሷት ልጅ ናት። ግድግዳውን አይታ፣ "አባዬ፣ እንደኔ ጥቁር ናት!" ብላ ዘለለች።

ጋሽ አያሌው ልጃቸውን አዩ፣ ግድግዳውን አዩ፤ ያው ምክር ሳይሰጡ ማለፍ አልሆነላቸውም። ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ "ሰብለ ልጄ፣ ክንፏን ሰፋ አድርጊው እንጂ፤ የኛ አገር ንፋስ ኃይለኛ ነው" አሏት።