እትዬ ግን እና የተሰረዘችው መስመር

በየመሥሪያ ቤቱም ሆነ በየዘመድ አዝማዱ መካከል፣ እውነቱን ካልተናገረ ሆዱ የማይረጋለት አንድ ሰው አይጠፋም። አዲስ ቀሚስ ለብሰሽ ስትገቢ ሌላው «ያምርብሻል» ብሎ ያልፋል፤ እሱ ዞር ዞር አድርጎ ያይሽና «ጨርቁ ጥሩ ነው፤ ግን ልኩ የሌላ ሰው ነው» ይልሻል። እንዲህ ያለ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ኦዲተር ይሆናል፤ ይህ ካልተሳካለት ደግሞ ሳይጠሩት የሚመጣ አስታራቂ። አንዲት ሴትዮ ግን ተነሥተው የማስታወቂያ ድርጅት ከፈቱ።

ክብርት ሥራ አስኪያጇን ደንበኛውም ሠራተኛውም የሚያውቃቸው «እትዬ ግን» በሚለው ስም ነው። ሠራተኛው ስንል አንዲት ዲዛይነር ናት። ድርጅቱ ከጎማ ጠጋኞቹ በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል ይዟል። በቢዝነስ ካርዳቸው ላይ ከስልክ ቁጥሩ ሥር «አሳንሰር የለም፤ ደረጃው ስልሳ አራት ነው» ተብሎ ታትሟል። ዲዛይነሯ ለመቀጠር የመጣች ዕለት ቀልድ መስሏት ቆጠረችው። ስልሳ አራት ነው።

የቤቱ ሕግ ሁለት ብቻ ነው። ለሰው የማይጠቅም ነገር አይተዋወቅም። የሚጠቅመውም ቢሆን ጉድለቱ አብሮ ካልተጻፈ አይተዋወቅም። ዲዛይነሯ ቀኑን ሙሉ የለፋችበትን ሥራ ስታቀርብ እትዬ ግን መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ከላይ እስከ ታች ያዩትና «ግኑ የታለ?» ይላሉ። ቀለሙ አማረ፣ ፊደሉ ተመቸ የሚባል ነገር ከዚያ በኋላ ነው፤ እሱም ከተባለ።

አንድ ጊዜ የፊት ቅባት አስመጪ መጣ። እትዬ ግን ቅባቱን ተቀብለው ሳምንቱን ሙሉ ግራ ጉንጫቸውን ብቻ ሲቀቡ ሰነበቱ። በቀጠሮው ቀን ሰውየውን መስኮቱ ጋ አቁመው ግራና ቀኛቸውን አዟዙረው አሳዩት፤ ልዩነቱን ካገኘው ሥራውን በነጻ እንደሚሠሩለትም ቃል ገቡ። ሰውየው ከልቡ ፈለገ። ከዚያ ቅባቱን ይዞ ስልሳ አራቱን ደረጃ ወረደ።

ለአዋቂዎች የማታ ትምህርት ቤት «አስተማሪዎቻችን ጎበዞች ናቸው፤ ግን ክፍሉ ይሞቃል፣ ውሃ ይዛችሁ ኑ» ብለው ጻፉ። ርእሰ መምህሩ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። በምዝገባው ቀን ግን ሰዉ የውሃ ጠርሙሱን አንጠልጥሎ እስከ በሩ ተሰለፈ። ሁሌ እንዲህ አይሰምርም፤ «ልብስዎ ነጥቶ ይመለሳል፤ ግን አንዳንዴ የሸሚዝ ቁልፍ ይጎድለዋል» የተባለለት የልብስ እጥበት ቤት ባለቤት እስከ ዛሬ እትዬ ግንን ሲያይ መንገድ ይሻገራል።

ዲዛይነሯ ከትልቅ ድርጅት ነው የመጣችው። እዚያ አምስት ዓመት ሙሉ ለሳሙና ሲባል የሚስቅ ቤተሰብ ስትሥል ኖራለች። መጀመሪያ ላይ አሠሪዋ ጤነኛ አልመሰሏትም። ቀስ በቀስ ግን አንድ ነገር ገባት፤ ጉድለቱን የሰማ ሰው የቀረውን ያምናል። ችግሩ ይህን ሰዉ እስኪለምደው ድረስ ደንበኛ አንድ በአንድ ያልቃል።

አልቆም ደንበኛው አንድ ብቻ ቀረ፤ የዊልቸር መሥሪያ ነው። ዘጠኝ ሠራተኞች አሉት፤ ስድስቱ ራሳቸው በሠሩት ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚሠሩ። እትዬ ግን ወንበሩን ለሳምንት ተቀምጠውበት ከረሙና «አስፋልት ላይ ይበራል፤ ግን አሸዋ ላይ ጎማው ይሰምጣል» አሉ። የመሥሪያው ኃላፊ በገዛ ገንዘቡ ገበናውን እንደማያሳውጅ፣ ይህች መስመር ካልወጣች ሌላ ቤት እንደሚሄድ ተናገረ። እሱ ከሄደ በወሩ መጨረሻ ቢሮው እንደሚዘጋ እትዬ ግን ለዲዛይነሯ ሳይደብቁ ነገሯት። «መስመሯ ግን ትቆያለች» አሏት።

በማግስቱ ወንድማቸው ታመመና ሊያስታምሙ ራቅ ወዳለ ከተማ ሄዱ፤ አሥር ቀን ቆዩ። ዲዛይነሯ ሁለት ቀን ከራሷ ጋር ተሟገተች። በሦስተኛው ቀን መስመሯን ሰርዛ ወረቀቱን ወደ ማተሚያ ቤት ላከችው። ቢሮውን ማዳኗ ነበር፤ እንደ እሷ ከሆነ።

እትዬ ግን ተመልሰው ቦርሳቸውን ሳያስቀምጡ ስልክ ጮኸ። የደወሉት ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ዊልቸሩን ከገዙ ጀምሮ ከግቢያቸው ርቀው መሄድ አልቻሉም። ሁለቱ ሴቶች ሄዱ። የሰፈሩ መንገድ አሸዋ ነው። መምህሩ ከበራቸው አምስት እርምጃ ርቀው ጎማው ተውጦ ተቀምጠዋል፤ ማስታወቂያውን አጥፈው ጭናቸው ላይ ይዘውታል።

«የእናንተን ወረቀት የማምነው ግን ስላለው ነው» አሉ መምህሩ፣ ሳይቆጡ። «በዚህኛው ላይ ፈልጌ ሳጣው፣ እንከን የለሽ ነው ብዬ ገዛሁ።»

እትዬ ግን ወረቀቱን ተቀብለው እስከ ታች አነበቡት። ከዚያ ወደ ዲዛይነሯ ዞሩ።

«እኔ ነኝ የሰረዝኩት» አለች።

እትዬ ግን ጎንበስ ብለው የአንዱን ጎማ ዘንግ ያዙ፤ እሷም ሌላውን ያዘች፤ አነሡት።

የመሥሪያው ኃላፊ መጥቶ ጎማውን ባየ ጊዜ አንገቱን ደፋ። ወንበሩን ሰፊ ጎማ ሊገጥምለት ወሰደው፤ አሥራ አንድ ቀን ፈጀበት። በዚያ ሁሉ ጊዜ ሁለቱ ሴቶች መምህሩን መሥሪያው ባዋሳቸው ትርፍ ወንበር ቀን በቀን እየተሸከሙም እየገፉም ወደሚታከሙበት ጤና ጣቢያ አመላለሷቸው። እትዬ ግን ስለ መስመሯ አላነሡም። ቢቆጡ ይሻላት ነበር። የመልቀቂያ ደብዳቤዋን ጽፋ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠች።

ወንበሩ ተሠርቶ ባለቀበት ቀን እትዬ ግን በእጃቸው የጻፉትን ወረቀት ጠረጴዛዋ ላይ አኖሩ። የስንብት ደብዳቤ መሰላት። የቢሮው በር ላይ የሚሰቀል ጽሑፍ ነው፤ «የምናስተዋውቀውን ነገር ጉድለት አንደብቅም። ግን አንድ ጊዜ ደብቀናል» ይላል።

«እርስዎ እኮ አልነበሩም» አለች። «የደበቅኩት እኔ ነኝ።»

«እዚህ ቤት ስንት ሰው ነው ያለው?»

«ሁለት።»

«ታዲያ አንዳችን ስናጠፋ ሌላችን የት ሄደን ልንቆም ነው?»

ዲዛይነሯ መሳቢያውን ከፍታ ደብዳቤውን ቀደደችው። አለቀሰችም፤ ይህንን ደብቆ ማለፍ ለቤቱ ሕግ አይመችም። ጽሑፉ በሩ ላይ ከተሰቀለ በኋላ መጀመሪያ ደረጃውን የወጣው የዊልቸር መሥሪያው ኃላፊ ነው፤ ለአዲሱ ማስታወቂያ ግኑን ራሱ አስጽፎ ሄደ።

ዛሬ ሰዎች ዲዛይነሯን ስለ አሠሪዋ ይጠይቋታል። «ደግ ናቸው፤ ቃላቸውን ያከብራሉ» ትልና ታቆማለች። ግኖቻቸውን ጠንቅቃ ታውቃለች፤ ግትር ናቸው፣ ደንበኛ ያባርራሉ፣ ጥሩ ሠርተሻል ለማለት ሳምንት ይፈጅባቸዋል። እሱን ግን ለባዳ አትናገርም።