ያልተዘረፈው ቴሌቪዥን

በዚህ ዘመን ከመዘረፍ የከፋ ነገር ቢኖር አለመዘረፍ ነው። አትሳቁ! የተዘረፈን ሰው ጎረቤት ያጽናናዋል፣ ዘመድ ብርድ ልብስ ይልክለታል፣ ባለሥልጣን ሳይቀር ከመኪናው ወርዶ ከንፈሩን ይመጥለታል። ያልተዘረፈ ሰው ግን… ለምን እንዳልተዘረፈ ሲያስረዳ ይኖራል።

ጦርነቱ ከተማችን ሐይቅ ገብቶ በወጣ ሰሞን ከተሰደድንበት ስንመለስ፣ እናቴ ቤት የጠበቀን ግድግዳውና አንድ ዕቃ ብቻ ነበር። ፍራሽ የለም፣ ድስት የለም፣ የበሩ እጀታ እንኳ ተነቅሏል። ሳሎኑ መሀል ግን የሟች አባቴ ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን በአራት እግሩ ቆሟል። የእንጨት ሣጥን ያለው፣ ሁለት ጎልማሳ ካልተጋገዘ ንቅንቅ የማይል የድሮ ዕቃ ነው። ከላዩ የነበረውን ዳንቴል ወስደው እሱን ትተውታል። ዳንቴሉን ያነሳው ሰውዬ ቴሌቪዥኑን አይቶ ሳይስቅ የወጣ አይመስለኝም።

ቢንቁትም አይፈረድባቸው። ቴሌቪዥኑ ከታመመ ሰንብቷል። በለውጡ ሰሞን፣ ያኔ ሁላችንም ተቃቅፈን ስንላቀስ፣ ሰፈሩ ንግግር ሊያይ እኛ ቤት እንደተሰበሰበ መስታወቱ ድንገት ጨለመና መሀሉ ላይ አንዲት ቀጭን ነጭ መስመር ብቻ ቀረች። ድምፅ አለ፣ ምስል የለም። እንግዲህ እናንተ ለውጡን በቀለም ስታዩ እኛ በመስመር ተከታተልነው። መጨረሻውን ሳስበው ብዙም አልተበላለጥንም። ከዚያ ወዲህ ቴሌቪዥኑ የዳንቴል ማስቀመጫ ሆኖ ኖረ።

ወደ ዘረፋው ልመለስ። በዚያ ሰሞን ሰፈራችን ለዕቃ ለቅሶ ተቀምጦ ነበር። በየተራ ቤት ለቤት እየዞርን፣ “ምን ወሰዱባችሁ?” እያልን እናስተዛዝናለን። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባል የለ? የኛ ሰፈር እንባ ጭራሽ እያደር ይወልዳል። ሰኞ የተወሰደው ራዲዮ ረቡዕ ላይ ቴፕ ይሆናል፤ ዓርብ ፍላት ስክሪን። ጋሽ አራጋው የሚባሉት ጎረቤታችን እኛ በዓይናችን አይተን ለማናውቀው ፍሪጅ ከነስታብላይዘሩ አለቀሱ። በእውነት ባዶውን የቀረው ሰው ብዙ ነበር፤ እሱ ግን ጥግ ይዞ ዝም ብሏል። ሐይቅ ይህን ያህል ሀብታም ኖራ እንደነበር ያወቅሁት ከተዘረፈች በኋላ ነው።

ተራው እኛ ቤት ደረሰ።

“ምን ወሰዱብሽ ደብሬ?” አሉ ጋሽ አራጋው እናቴን።

“ምን ያልወሰዱት አለ?” አለች እናቴ።

“ያስ?” ብለው በከዘራቸው ወደ ቴሌቪዥኑ ጠቆሙ።

“እሱን ትተውታል።”

“ምነው ተዉት?”

እናቴ “ሲበላሽ አይታችሁ የለ?” ብትላቸው፣ “ከዚያ ወዲህ አሠርታችሁት ይሆናላ” አሉ። ሌባ የተወውን ዕቃ ለምን እንደተወው ባለቤቱ ይጠየቃል እንዴ? ከእናቴ ጋር በአንድ ግድግዳ ተለያይተው የኖሩት፣ ፋሲካውንም ኢዱንም አብረው የሚያከብሩት እትዬ ዘሀራ ቀስ ብለው “ማሻአላህ” አሉ። ማሻአላህ እንደ አባባሉ ነው፤ ይሄኛው የምርቃት አልነበረም። ከኛ ቀጥሎ ተራው የእሳቸው ቤት ነበር። እሳቸውም “ምንም አልተረፈኝም፣ ሁሉንም ወሰዱብኝ” አሉ።

ከዚያን ቀን ወዲያ ደጃችንን የሚረግጥ ጠፋ። “ከሰው ሁሉ ተለይተው እንዴት ተረፉ? የሚያውቁት ቢኖር ነው” ይባላል አሉ። እናቴ ሐሜቱን ቻለችው። ያልቻለችው የእትዬ ዘሀራን ዝምታ ነው። ድሮ የሚጠራሩት ግድግዳውን መታ መታ እያደረጉ ነበር። አሁን እናቴ ትመታለች፣ ከወዲያ የሚመልስ የለም። ጠዋት ትመታለች፣ ከሰዓት ትመታለች። እኔ በሰው ሁሉ የምስቀው ሰውዬ ያን ጊዜ መሳቅ አቃተኝ።

መብራት የተለቀቀ ሰሞን እናቴ ወሰነች።

“ሰዉን ጥራልኝ። ይመርንም ጥራው። በሰው ፊት ይክፈተውና የሞተ መሆኑን ይመስክርልኝ።”

ይመር ብየዳ የከተማችን ጠጋኝ ነው፤ ከራዲዮ እስከ ባጃጅ ጥሩምባ የማይነካካው የለም። አስቀድሜ ሄጄ አስጠናሁት። “ክፈተው፣ መስመሯን አሳያቸው፣ ‘በቃ ሞቷል’ በል። ሌላ ነገር እንዳትጨምር።”

“አብሽር” አለኝ። ወሎ ውስጥ ጠጋኝ “አብሽር” ካላችሁ መጨነቅ መጀመር ያለባችሁ ያኔ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ቤቱ ሞላ። ይመር የቴሌቪዥኑን ጀርባ ፈታና አቧራውን እፍ ሲል የፊተኞቹ በሙሉ አስነጠሱ። ሰካው። ነጯ መስመር መጣች።

“አያችሁ?” አለች እናቴ። ፊቷ ሲበራ ከስንት ጊዜ በኋላ አየሁት።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ምን ነበረበት? ጋሽ አራጋው ግን “እንግዲህ ይመርም አልቻለውም ማለት ነው” ብለው ተነፈሱ።

“ማን ነው ያልቻለው?” አለ ይመር። “መስመር ማለት ሞት ነው ያለው ማን ነው? መስመር ማለት አንዲት ብየዳ ለቃለች ማለት ነው።” ጠቀስኩት፤ አላየኝም። ኮቱን ጎተትኩት፤ ኮቱን አውልቆ አቀበለኝና መበየጃውን አጋለ። ጥቂት ጨሰ፣ ጥቂት ሸተተ፣ መልሶ ሰካው። መስመሯ ወደ ላይና ወደ ታች ተከፈተች፤ መስታወቱ በሙሉ በረዶ ሆነና ሹሹሹታው ቤቱን ሞላው።

“ይኸው ይሠራል!” አለ ይመር።

እናቴ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች። ስንት ዘመን ደብድበን አልሠራ ያለን ቴሌቪዥን ሊፈረድብን ሲል ዳነ።

“አላልኳችሁም? ደህና ዕቃ ነው” የሚል ተነሳ። “ኧረ በረዶ ብቻ ነው” የሚልም አልጠፋ። ዳኛው ይመር ሆነ።

“የድሮው ሥርጭት ተዘግቷል። ዲሽና አሮጌ ሪሲቨር ቢገኝ ምስሉን አሳያችሁ ነበር። ምን ያደርጋል፣ ሰፈሩ ተዘርፏል” አለ። ተንኮል ይሁን የዋህነት እስከ ዛሬ አልገባኝም።

አሁን የሰውን ልጅ ተመልከቱ። ጋሽ አራጋው “ቆይ፣ ይሄ መብራት እንዳያቃጥለው” ብለው ወጡና ስታብላይዘር ታቅፈው ተመለሱ። ከፍሪጁ ጋር ያለቀሱለትን! ያን ልብ ያለ አልነበረም፤ ሁሉም የየራሱን ማሰብ ጀምሯል። አንዱ ጥቅል ኬብል አመጣ። ሁለት ወንድማማቾች ጭድ እያራገፉ ዲሽ ተሸክመው ገቡ፤ ከየት ክምር ሥር እንዳወጡት እነሱ ያውቃሉ። በመጨረሻ እትዬ ዘሀራ ከሻርፓቸው ሥር አንዲት ሪሲቨር አውጥተው፣ የማንንም ዓይን ሳያዩ ለይመር አቀበሉት። የሰፈሩ የተዘረፈ ንብረት እኛ ላይ ሊመሰክር ተግተልትሎ መጣ።

ምስሉ ወጣ። ጥርት ያለ ጥቁርና ነጭ። አንድ ከረባት ያሰረ ሰው ስለ መልሶ ግንባታ ያወራል፤ የሚሰማው ግን የለም። ሰዉ ከመስታወቱ ወደ ስታብላይዘሩ፣ ከስታብላይዘሩ ወደ ሪሲቨሯ፣ ከዚያም እርስ በርሱ መተያየት ጀምሯል። ጋሽ አራጋው ጣሪያውን ይመረምራሉ።

“ይሄ ሁሉ ዕቃ የማን ነው?” አለች እናቴ።

ላም እሳት ወለደች፤ ልትልሰው ፈጃት፣ ልትተወው ልጅ ሆነባት። የኔ ነው ያለ አልተዘረፍኩም ማለቱ ነዋ! አንድ በአንድ “ደህና ዋሉ” እያሉ ባዶ እጃቸውን ወጡ። ለዘራፊ ያልሰጡትን ለእኛ ትተውት ሄዱ።

በማግስቱ እትዬ ዘሀራ መጡ። በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያያቸው።

“ደብሬ፣ ሪሲቨሯ የኔ ናት።”

“ወሰዱብኝ ብለሽ አልነበር?”

“ብያለሁ። ያንቺን አየሁና ፈራሁ። ተርፎልኛል ብል እኔንም እንዳንቺ ሊያደርጉኝ ነው። ወላሂ ፈራሁ።”

“ግድግዳውን ስመታ ትሰሚ ነበር?”

“ሁሉንም ሰምቻለሁ” አሉ እትዬ ዘሀራ።

እናቴ እጃቸውን ያዘች። ሁለቱም አለቀሱ። በዚያ ሰሞን ካየሁት ለቅሶ ሁሉ ምንም ዕቃ ያልተጨመረበት ይሄ ብቻ ነበር። ሪሲቨሯንም አልወሰዷትም፤ “እዚሁ ትሁን፣ እኔ እመጣለሁ” አሉ።

ሌሎቹ ዕቃቸውን እስከ ዛሬ አልጠየቁም። ግን ሲመሽ “ዜና ልናይ” እያሉ ይመጣሉ፤ ዓይናቸው ዜናው ላይ አያርፍም። ትናንት ጋሽ አራጋው ሲወጡ በጋቢያቸው ጫፍ ስታብላይዘሩን ጠረግ ጠረግ አደረጉና፣ “የማን እንደሆነ እንኳ አላውቅም፤ ብቻ አቧራ አይስማማውም” አሉ።