ታሪክ ያለው ካምቢዮ

በዓለም ላይ ከተቋቋሙት ታላላቅ ማኅበራት አንዱ የቡንዳላ ከተማ የስፖርት መኪና ወዳጆች ማኅበር ነው። ይህን የምለው አባል ስለሆንኩ አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው። ማኅበራችን በደቡብ አውስትራሊያ፣ መዳቡ ተቆፍሮ ካለቀ ወዲህ ሌላ የሚቆፈር ባጣች ከተማ ተመሥርቶ፣ ያለ አንዲት የምትንቀሳቀስ መኪና እነሆ እስከ ዛሬ በድል እየገሰገሰ ይገኛል። እኔ በኮሚቴው ውስጥ የሻይ ውሃ ማፍላት ዘርፍ ኃላፊ ነኝ። ሹመቴ ትንሽ ብትመስልም ውሃው ካልፈላ ስብሰባ የለም፤ ስብሰባ ከሌለ ደግሞ ማኅበሩ ምን ሊሠራ ነው?

ከአባሎቻችን ሁሉ መኪናውን የሚወድ ኔቪል ትሬሎር ነበር። ኔቪል በእህል ጎተራው ሚዛን ላይ ሠርቶ ጡረታ የወጣ፣ ዝንብ የማይገድል ሰው ነው። መኪናው ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ከመሬት እስከ ወገብ የምትደርስ ቢጫ የፋይበር መኪና ናት። ሞተሯ ከወንበሮቹ ጀርባ ነው፤ ካምቢዮዋ ደግሞ ከሞተሩ ኋላ። ልጁ ታምሲን ጥርስ ሳታወጣ ገዛት። ታምሲን ጥርስ አውጥታ፣ አድጋ፣ የጥርስ ሐኪም ረዳት እስክትሆን ድረስ መኪናዋ ከጋራዡ በር አላለፈችም።

ልጅቷ በሕፃንነቷ እዚያች መኪና ውስጥ ትቀመጥና በአፏ የሞተር ድምፅ ታሰማ ነበር። በማኅበራችን ታሪክ እንደዚያ ያለ አስተማማኝ ሞተር አልተሰማም። ታዲያ አንድ ቀን ኔቪል ሆዱ ባባና፣ «የኔ ልጅ፣ የምታገቢ ቀን በዚህች መኪና ቤተ ክርስቲያን አደርስሻለሁ» ብሎ ቃል ገባላት። ልጆች ደግሞ የማይረሱት እንዲህ ያለውን ነው።

ታምሲን ልታገባ ሆነ። ኔቪል ሌት ተቀን ለፍቶ ሞተሩን አስነሣው። ሠርጉ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ግን ማርሽ ሲያስገባ ካምቢዮው ጓ ጓ ብሎ ጥርሱ ረገፈ። የሚስቱ ወንድም ይህን ሰምቶ የበግ መጫኛ መኪናውን አጠበና ሪባን አሰረባት።

«የበግ መኪናም ትወስደኛለች፣ አባዬ፤ አትጨነቅ» አለችው ታምሲን። ዓይኗ ግን ቢጫዋ ላይ ነበር።

አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ፤ ውሃ አፈላሁ። ሊቀ መንበራችን ሞሪስ ፔንጊሊ ባለወርቅ ቁልፍ ኮቱን ለብሶ ተሰየመ። ሞሪስ በሕይወቱ አንድም ብሎን ፈትቶ አያውቅም፤ ለዚህም ነው ፍርዱ በቅባት ያልቆሸሸው። አባላችን ኪንግስሊ እጁን አወጣና፣ «አዲስ ካምቢዮ ከአደላይድ ማስመጣት ይቻላል፤ ለዚህችው መኪና ተብሎ ተገጣጥሞ የሚሸጥ አለ» አለ።

ሁላችንም ስኒያችንን አስቀምጠን ኪንግስሊን አየነው። በቤተ ክርስቲያን መሐል የተሳደበ ሰው የሚታየው እንደዚያ ነው።

«አዲስ?» አለ ሞሪስ። «አሮጌ መኪናን በአዲስ ዕቃ መጠገን ለሽማግሌ የሕፃን ጥርስ መትከል ነው። መተዳደሪያ ደንባችን ታሪክ ያለው ዕቃ ይላል። ዕቃው ሰው ሲጥለው፣ ዝናብ ሲመታው፣ አይጥ ሲወልድበት የኖረ መሆን አለበት። አለዚያ እኛ ከተራ መኪና ነጂ በምን እንለያለን?»

ከተራ መኪና ነጂ የሚለየን አለመንዳታችን እንደሆነ ሁላችንም ብናውቅም አጨበጨብን። ያገለገለ ካምቢዮ እንዲገዛ ተወሰነ፤ ሞሪስ፣ ኪንግስሊና እኔም ለኔቪል የቴክኒክ አማካሪ ሆነን ተመደብን።

ስታቭሮስ ከከተማው ወጣ ብሎ የአሮጌ መኪኖች ግቢ አለው። ዕቃውን ሲሸጥ ሳይሆን ሲያስታምም የኖረ የሚመስል ሰው ነው። እዚያ ግቢ የሚገባ ሰው አንድ ወግ ማወቅ አለበት፦ የፈለጉትን ዕቃ መፈለግ ነውር ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ስለ ዝናብ ተነጋገርን። ቀጥለን ስለ ስንዴ፣ ከዚያም ስለ ስታቭሮስ ውሻ ጉልበት። ኔቪል በመጨረሻ ከሣር ውስጥ ብቅ ያለውን ካምቢዮ በጫማው ጫፍ ነካ አደረገና፣

«ይሄን ቆሻሻ እስካሁን አልጣልከውም?» አለ። ላብ ግን በጆሮው ሥር ይወርድ ነበር።

«እሱን? ዶሮዎቹ ወደ ቆጣቸው የሚወጡበት ነው።»

«ዶሮዎችህን ማስቀየም አልፈልግም። ብቻ ከመንገድ ላንሣልህ ብዬ ነው።»

«ለልጅህ ሠርግ ነው አይደል?» አለ ስታቭሮስ። ቡንዳላ ውስጥ ምሥጢር የሚባል ነገር የለም።

ከዚያ ምርመራ ተጀመረ። ሞሪስ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ካምቢዮውን ሦስቴ ዞረውና «እህ» አለ። እኔም «እህ» አልኩ። አገራችን የወይን ጠጅ አገር ስለሆነች ኪንግስሊ ጣቱን በካምቢዮው ዘይት ነክሮ አሸተተና ምላሱ ላይ አደረገው።

«የቆየ ነው» አለ ዓይኑን ጨፍኖ። «ሲጀምር ለስለስ ይልና መጨረሻው ላይ መዳብ መዳብ ይላል።»

«ጥርሱ ደህና ነው ማለት ነው?» አለ ኔቪል።

«የእኔ ጥርስ ነው ወይስ የእሱ?» አለ ኪንግስሊ።

ስታቭሮስ ሲያስረክበን፣ «ከቮልስ የወጣ ነው፤ ሞተሯ ከካምቢዮው ኋላ ከሆነ መኪና ማለቴ ነው። ውስጥ ያለውን ጥርሳም ክብ ትገለብጡታላችሁ መቼም» አለን።

እዚህ ላይ የአገራችንን ወንዶች ክብር መግለጽ ይኖርብኛል። የእኛ አገር ወንድ ጋራዥ ውስጥ «አላውቅም» ከሚል ክሪክ የሌላት መኪና ሥር መተኛት ይቀለዋል። ኔቪል ወደ ኪንግስሊ አየ፣ ኪንግስሊ ወደ ሞሪስ። ሞሪስ ኮቱን አስተካከለ።

«እሱማ የታወቀ ነው» አለ።

«እሱማ» አለ ኪንግስሊ።

«እሱማ» አልኩ እኔም፤ ለኮሚቴ አንድነት ስል።

ኀምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለኀምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። አለማወቅም እንዲሁ ነው፤ ለአንድ ሰው ያሳፍራል፣ ኮሚቴ ሲሸከመው ግን ያምራል።

ካምቢዮው ሲገጠም የማኅበሩ አባላት በሙሉ ቆመው በምክር ረዱ። ኔቪል ብቻውን ከመኪናዋ ሥር ተኝቶ በእጁ ረዳ። አንዴ ብቻ ከሥር ሆኖ፣ «ያ ጥርሳሙ ክብ ተገልብጧል አይደል?» ብሎ ጠየቀ።

«ሞሪስ አይቶታል» አለ ኪንግስሊ።

«ኪንግስሊ ቀምሶታል» አለ ሞሪስ።

ኔቪልም እፎይ አለ።

የሠርጉ ቀን ደረሰ። አባላት ኮት ለብሰን የጎማ መፍቻ ቁልፎቻችንን እንደ ሰይፍ አጣምረን ከመኪናዋ ፊት ግራና ቀኝ ተሰለፍን። ከመኪናዋ ኋላ የእንግዶቹ ጠረጴዛ በሥጋና በድንች የተሞላ ቂጣ ተደርድሮበት ነበር። ታምሲን ነጭ ቀሚሷን ሰብስባ ከአባቷ ጎን ተቀመጠች። የመኪናዋ ጣሪያ ተነቃይ ስለሆነ ለዓይነ ርግቧ ሲባል ተነሥቷል። ሞተሩ አንድ ጊዜ ሲነካ ተነሣ። ኔቪል ዕንባው መጣ፤ የኔም መጣ፣ አልዋሽም።

ፍሪሲዮን ረገጠ፣ አንደኛ ማርሽ አስገባ፣ ነዳጅ ሰጠ። መኪናዋም በታላቅ ግርማ ወደ ኋላ ሄዳ ጠረጴዛውን ገለበጠችው።

«ሁለተኛ ሞክር» አለ ኪንግስሊ።

ሁለተኛ አስገባ። ከአንደኛው በበለጠ ፍጥነት ወደ ኋላ ሄዳ የግሌኒስን፣ ማለት የሚስቱን፣ የጽጌረዳ መደብ ጨረሰችው።

ላልገባው ሰው ላስረዳ፤ ለእኔም የገባኝ ያን ቀን ነው። በቮልስ ሞተሩ ከካምቢዮው ኋላ ይሆናል፤ በኔቪል መኪና ደግሞ ከፊቱ። ስለዚህ ካምቢዮው ፊቱን አዙሮ ይገጠማል። ፊቱን ሲያዞር ውስጡ ያለው ጥርሳሙ ክብ ካልተገለበጠ ጎማዎቹም የኋሊት ይዞራሉ። ማኅበራችን በዓለም ላይ አራት የኋሊት ማርሽና አንድ የፊት ማርሽ ያላት የስፖርት መኪና ባለቤት ሆነ። እንደ ካሮት ቁልቁል ማደግ የሚባለውን በጎማ ሠራነው።

ኪንግስሊ አሰበ አሰበና፣ «እንግዲያው ኋላ ማርሽ ቢያስገባ ወደ ፊት ትሄዳለች» አለ። እውነቱን ነበር። ሞሪስ ግን እጁን አነሣ።

«በፍጹም። ሙሽራን በኋላ ማርሽ ወደ ትዳር መውሰድ ለማኅበሩም ለትዳሩም ውርደት ነው። በደንባችን መሠረት የክብር ጉዞ የሚደረገው በፊት ማርሽ ብቻ ነው።»

«በፊት ማርሽ እኮ ወደ ኋላ ነው የምትሄደው።»

«ትሂድ። ዋናው ማርሹ ነው።»

የበግ መኪናው ባለቤት ጥሩምባውን ነፋ። ቄሱ ሌላ ከተማ ሌላ ሠርግ ስለነበራቸው የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ለሁለተኛ ጊዜ ተደወለ። ኔቪል ግንባሩን መሪው ላይ ደፍቶ እንደ ልጅ አለቀሰ።

«ከሕፃንነትሽ ጀምሮ አንድ ነገር ቃል ገባሁልሽ» አለ። «አንድ ነገር። እሱንም አልቻልኩም። ውረጂ የኔ ልጅ፣ ከአጎትሽ ጋር ሂጂ።»

ታምሲን ወደ በግ መኪናው አየች። ወደ ሞሪስም አየች፤ ያን አስተያየት ለጠላቴም አልመኝም። ከዚያ ጫማዋን አወለቀችና ወንበሩ ላይ ተንበርክካ ፊቷን ወደ ኋላ አዞረች።

«አባዬ፣ ቀና በል። አንተ ርገጥ፣ እኔ አያለሁ።»

«ታምሲን፣ ሰው ይስቅብሻል።»

«ይሳቅ። አንደኛ አስገባ።»

ሄዱ። ኔቪል ተቀምጦ ከሞተሩ ክዳን በላይ ወደ ኋላ ማየት ስለማይችል ልጁ የምትለውን እየሰማ መሪውን ያዞር ነበር። «ግራ፣ አባዬ። ትንሽ ግራ። አሁን ቀጥ በል። ውሻ አለ፣ ቀስ። በቃ አለፈ፣ ሁለተኛ አስገባ።» ዓይነ ርግቧ በነፋሱ ተነሥቶ የፊት መስተዋቱን በሙሉ ሸፈነው፤ በዚያ በኩል የሚያይ ሰው ስላልነበረ ግን ጉዳት አላደረሰም። እኛ የቴክኒክ አማካሪዎቹ ከኋላ ይሁን ከፊት ሳናውቅ ቁልፋችንን ይዘን ሮጥን። ሞሪስ «ቀኝ» እያለ ይጮህ ነበር፤ ደግነቱ የሰማው የለም። ልጅቷም አባቷን ቤተ ክርስቲያን በር ላይ በሰላም አደረሰችው፤ ሲወርድም ክንዱን ይዛ አስገባችው።

በግብዣው ላይ ሞሪስ ማንኪያ በብርጭቆ መትቶ ተነሣ።

«ክቡራን እንግዶች» አለ፤ «አንዳንድ ምላሳቸው የረዘመ ሰዎች መኪናችን የኋሊት ሄደች ይላሉ። ኮሚቴው በደጅ ቆሞ ጉዳዩን መርምሯል። መኪናዋ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ ተነድታለች። አንደኛም ሁለተኛም የፊት ማርሾች ናቸው። ስለዚህ መኪናዋ የሄደችው ወደ ፊት ነው። ከኋላ የተገኘው ቤተ ክርስቲያኑ ነው።»

ማኅበሩ በሙሉ አጨበጨበ። ኪንግስሊም ወዲያው ተነሥቶ ቤተ ክርስቲያኑ ያለ አግባብ ከኋላ የተሠራበት ምክንያት ተጣርቶ እንዲታረም ለጳጳሱ ይጻፍ ሲል ሐሳብ አቀረበ።

«የምትደግፉ» አለ ሞሪስ።

ታምሲን አባቷን አየችው። ኔቪል ቀኝ እጁን በልጁ እጅ ውስጥ እንዳለ ተወውና፣ ከሁላችንም ቀድሞ ግራ እጁን አወጣ።