ጋሽ ደረበ ሌንስ ሲያስመርጡ

ራሱ ምንም ሳይገዛ ሰውን ሁሉ የሚያስገዛ አማካሪ የሌለበት ሰፈር በአገሩ የለም። ትራክተር ልግዛ ብትሉ አብሯችሁ ይሳፈራል፤ ስልክ ልቀይር ብትሉ ቀድሟችሁ ሱቅ ይደርሳል። የእኛ የገንዳ ውሃ ሰፈር ደግሞ የዘርፉን ሊቀ ሊቃውንት፣ ክቡር ጋሽ ደረበን ታድሏል። "ለኔ ተወው!" ካሉ አለቀ።

ባለፈው ጥር የሰሊጥ ማሳ አቧራ ገብቶበት የካሜራዬ ዙም ድርቅ ብሎ ቀረ። እሑድ ደግሞ ፎቶ የማነሳበት የመጀመሪያዬ ትልቅ ሠርግ ነው። ሌላ ሌንስ ልፈልግ በጓሮ በር ተደብቄ ወጣሁ። የጠራሁት ባጃጅ ውስጥ ጋሽ ደረበ ተደላድለው ተቀምጠዋል።

"ለኔ ተወው!" አሉኝ።

ስልክና ያገለገለ ካሜራ የምትሸጠው ሙባረካ ሁለት ዙም ሌንስ አወጣችልን። አንዱ ረጅም፣ እንደ ዘነዘና የሚከብድ፤ ሌላው ትንሽ፣ ቀላል፣ ዋጋውም ከግማሽ በታች። የእኔ ዓይን ረጅሙ ላይ ቀረ።

"ካሜራው ላይ ግጠምና አንገትህ ላይ አንጠልጥለው" አሉ ጋሽ ደረበ። አንጠለጠልሁት።

"በል እስክስታ ምታ።"

"እዚህ?"

"ሠርግ ላይ እንደ ስልክ እንጨት ተገትረህ ነው የምታነሳው? ምታ!"

መታሁ። ሌንሱ ደረቴን እንደ ከበሮ ደለቀኝ። የባጃጅ ሾፌሮች ከውጭ አጨበጨቡ። ወደ ትንሹ ስቀይር ግን ትከሻዬ ክንፍ አወጣ። ሙባረካ እንባዋ እስኪወርድ ስቃ እልልታዋን አቀለጠችው።

"ኸላስ፣ በቃ! ለዚህ ጭፈራስ ዋጋ እቀንሳለሁ!"

ጋሽ ደረበ ግን አልረኩም። "ከሩቅ ካላሳየ ምን ያደርጋል?" ብለው ስልክ ደወሉልኝና አስፋልቱን ይዘው ወደ ታች ወረዱ። ሙባረካ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ያዘችልኝ።

"አሁንስ ጥርሴ ይታያል?"

"ይታያል ጋሼ!"

"አሁንስ?"

"ወርቁ ሳይቀር!"

ጥርሳቸውን አግጠው ወደ ኋላ ሲራመዱ የአህያ ጋሪ ሊገጫቸው ሲል ለጥቂት ተረፉ። መናኸሪያው በር ላይ ሰው ከበባቸው። ስልኩን መዝጋት ረስተውታል።

"ለማን ነው የሚያገጡት?" ሲል አንዱ ሰማሁ።

"ያ ካሜራ የያዘው ልጅ አይታይህም?" በሌንሱ ውስጥ ክንዳቸው ወደ እኔ ተዘረጋ። "ከዚህ እስከ አብደራፊ እንደሱ የሚያነሳ የለም። ልጅህን ስትድር ሌላ ብትጠራ እቀየምሃለሁ!"

እኔን "ፎቶ ላይ የሰው አናት ትቆርጣለህ" ከማለት በቀር አንዲት ደግ ቃል ተናግረውኝ አያውቁም። ዓይኔ ረጠበና ጋሽ ደረበ ደበዘዙብኝ። ቢሆንም ካሜራውን ተጫንሁት።

ሠርጉንም በትንሹ ሌንስ እየጨፈርሁ አነሳሁት፤ ደረቴም ተረፈ። መናኸሪያው በር ላይ ያነሳኋት የጋሽ ደረበ ፎቶ ግን ዛሬ ስቱዲዮዬ በር ላይ በትልቁ ተሰቅላለች። ጋሽ ደረበ ጠዋት ጠዋት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ያዩዋታል። "ትንሽ ወደ ግራ ብትል ኖሮ..." ብለው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ከዚያ አላፊ አግዳሚውን እየጠሩ ያሳያሉ።