ሞተሬን ያቀለልኩ ለት

ያገኘውን ነገር እንዳለ መተው የማይችል ፍጡር ቢኖር ባለሞተር ነው! ሚስቱን ከነጠባይዋ፣ አለቃውን ከነስድቡ ችሎ የሚኖር ሰው፣ ሞተሩን ግን ፋብሪካው እንደሠራት ትቶ አያድርም። ሳቁ ግዴለም፤ እኔም ከነሱ አንዱ ነኝ።

የኔዋ ኢንዱሮ ናት። ለጭቃና ለዳገት የተሠራች፣ ከሲታ፣ ባለ ረጅም እግር፣ እንደ ፌንጣ የምትዘል። መቀመጫዋ ከሳንቃ አይሻልም። የምትይዛት ቤንዚን ደግሞ ከከተማ ወጥታ ሳትርቅ "በቃኝ" ታሰኛታለች። ታዲያ አንድ ቀን ስልኬ ላይ አንድ ፂማም ፈረንጅ እንዲህ ያለችውን ሞተር ሳጥን ገጥሞላት፣ የንፋስ መከላከያ አቁሞላት፣ በረሃ ሲያቋርጥ አየሁ። "ቀላል የሩቅ መንገድ ሞተር" ይላታል። ፈረንጁ ሳይነግረኝ ያለፈው ነገር ቢኖር፣ በዚያ በረሃ አንድም የሚያውቀው ሰው አለመኖሩን ነው!

እንዳትታዘቡኝ፣ ምክንያት ነበረኝ። በከተማችን እንግዳ የሚያስጎበኙት ወይዘሮ ሰብለ፣ በሞተር ለሚመጡ ቱሪስቶች ከፊት ከፊት የሚመራ ሰው ይፈልጋሉ።

"ቅዳሜ ይምርሐነ ክርስቶስ እንግዶች ይዤ እሄዳለሁ" አሉኝ። "አራት ሰዓት ላይ እዚያ ድረስ። ሞተርህ ሻንጣ የምትይዝ፣ ደግሞም ቀላል ከሆነች ሥራው ያንተ ነው። ካረፈድክ ግን…"

አልጨረሱትም። ሁለት ዓመት ሥራ ለፈታ ሰው መጨረስም አያስፈልግም።

በያጁ ጓደኛዬ ከፌሮ ብረት የኋላ መጫኛ በየደልኝ። ግራና ቀኙ ላይ አፋቸውን የቆረጥናቸው ሁለት ቢጫ የዘይት ጀሪካኖች አሰርን። መቀመጫዋ ላይ ስፖንጅ ጨመርን። ከዚያ ክብደት ለመቀነስ ብለን መስታወቷንም፣ ፓራፋንጎዋንም፣ ክላክሷንም ነቀልን።

"አሁን ላባ ሆነች!" አለኝ በያጁ።

አዎ፣ ላባ። ከነዶሮዋ!

ቅዳሜ በጠዋት ጀሪካኖቼን ባዶ አድርጌ ተነሳሁ። ይኸው ነው ጥፋቴ… በላስታ ምድር ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ ባዶ ዕቃ አስሮ የሚሄድ ሰው አይቶ ዝም የሚል የለማ! ከከተማው ሳልወጣ ባለሱቋ እማማ ዘሐራ መንገዱ መሃል ቆሙብኝ። በእጃቸው ቀይ የከፋይ ጥላ፣ ዙሪያውን ወርቃማ ዘርፍ ያለው።

"ወዴት ነህ የኔ ልጅ?"

"ይምርሐነ ክርስቶስ፣ እማማ። ቸኩያለሁ።"

"አልሐምዱሊላህ! ጎረቤቴ አራስ ናት። በሰላም ከተገላገልኩ ብላ የተሳለችው ጥላ ነው፤ ላኪልኝ ብላ አደራ ሰጠችኝ። እቤቴ ሲያድር ወላሂ እንቅልፍ የለኝም። በል እንካ።"

"እማማ፣ ዛሬ እኮ የሥራ ፈተና…"

"ስለት እኮ ነው!"

በቃ። ጎበዝ ከሆናችሁ እናንተ እምቢ በሉ! ስለት አላደርስም ያለ ሰው ምን እንደሚገጥመው የትም አልተጻፈም፤ የሚያስፈራውም ስላልተጻፈ ነው።

ከጥላው ቀጥሎ ጧፍ መጣ። ከጧፉ ቀጥሎ አንድ ቅል ማር። ብልባላ ስደርስ ደግሞ፣ ወሬው ቀድሞኝ ኖሮ፣ አያ ካሴ የሚባሉ ገበሬ የስለት በግ ይዘው ጠበቁኝ።

"አያ፣ በግ በሞተር አይሄድም!"

"ምነው? አንተ ሄደህ የለ እንዴ?"

በጉን ቀኝ ጀሪካን ውስጥ ጨመሩት። አንገቱን አውጥቶ እንደ ቱሪስት አገር ያያል። ከዚያ አያ ካሴ ፈንጠር ብለው ሞተሯን በባለሙያ ዓይን ቃኟት። "ግራህ ቀለለ" አሉና፣ የበቅሎ ጭነት ሲያጋድል እንደሚደረገው፣ ግራው ጀሪካን ውስጥ ሁለት ድንጋይ ጨመሩልኝ። ድንጋይ! እኔ ክላክስ የነቀልኩ ሰውዬ!

ገደሉ አፋፍ ካለው መታጠፊያ ስደርስ ንፋስ መጣ። ከኋላዬ ያሰርኩት ጥላ ቧ! ብሎ ተከፈተ። ዘርፉ ዓይኔ ላይ፣ በጉ "ባዕ"፣ እኔ "እግዚኦ"… ሞተሯ እንደ ጠገበች ላም ቀስ ብላ ቦዩ ውስጥ ጋደም አለች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላል ተረቱ። ማር ግን አይለቀምም! ግማሹ ሱሪዬ ላይ ቀረ። በጉ ጭረት ሳይነካው ወርዶ በንቀት ያየኝ ጀመር።

ይምርሐነ ክርስቶስ ስደርስ አምስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። የወይዘሮ ሰብለ እንግዶች ፎቶ ያነሳሉ፤ እኔን ሳይሆን በጉን። ቄሰ ገበዙ ስለቱን አንድ በአንድ ተቀብለው መረቁኝና፣ "ባዶህን አትመለስም ልጄ፣ ለላኪዎቹ አድርስ" ብለው በላስቲክ ጠርሙስ የተሞላ ጸበል ሁለቱ ጀሪካኖች ውስጥ ጠቀጠቁልኝ።

ወይዘሮ ሰብለ ለብቻ ጠሩኝ።

"ስማኝ ልጄ። እኔ ፈጣን መሪ ነው የምፈልገው። አንተ በግ አዝለህ፣ ማር ተቀብተህ፣ አንድ ሰዓት ተኩል አርፍደህ መጣህ። ሥራውን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ።"

አንገቴን ደፋሁ። ትክክል ናቸው። ሄዱ ስል፣ ግራ ቀኝ አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ግን… ለገነተ ማርያም የተሳልኩት ምንጣፍ እቤቴ ዓመት ሊሞላው ነው። በዚያ በኩል የምታልፈው መቼ ነው?"

እምቢ ልል አፌን ከፈትኩ። በደንብ ከፈትኩት።

"ስንት ክንድ ይሆናል?" አልኳቸው።